የግመሉ መታወቂያ

ሕይወትሽን የቀየረው ምንድን ነው ሲባል አንዷ ከሞት የተረፈችበትን አደጋ፣ ሌላዋ ዕጣ የወጣላትን ቀን ታወራለች። የእኔን ሕይወት የቀየረው ከረባት ያሰረ ግመል ነው። መሳቅ ትችላላችሁ፤ እኔም እስከ ዛሬ ሳስታውሰው መንገድ ላይ ብቻዬን እየሳቅሁ ሰው ይታዘበኛል። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሰዓዳ እባላለሁ። ነገሩ በሆነ ጊዜ ቆቦ ከተማ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማንም ሳያዘኝ፣ “ንባብ ቤት” ብዬ በሰየምኳት ጠባብ ክፍል ልጆች ሰብስቤ አነብላቸዋለሁ። የማነበው ያንኑ የመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ሌላ አልነበረንም። በክፉው የጦርነት ጊዜ የትምህርት ቤቱ መጻሕፍት አልቀው መደርደሪያው ብቻ ቀርቷል። ልጆቹ ጠዋት የተማሩትን ከሰዓት ስደግምላቸው ጊዜ አንድ በአንድ እየሾለኩ ሽንኩርት አረማና ቲማቲም ለቀማ ገቡ። አልፈርድባቸውም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እሾልካለሁ፤ ሻይ እስኪበርድልኝ እንኳ መታገሥ የማልችል ሰው ነኝ።

ርዕሰ መምህራችን ጋሽ ደሳለኝ ክፍሏን መጋዘን ሊያደርጓት ፈልገዋል።

“ሰዓዳ፣ ባዶ ክፍል እየጠበቅሁ እስከ መቼ? የተሰበረው ወንበር ሁሉ ውጭ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት ነው” ይሉኛል።

ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንበር የሚያሳዝናቸው ሰው ናቸው። እኔ ግን በልቤ ቆርጫለሁ። ክፍሏ ከተዘጋች ማስተማሩንም ትቼ ጅዳ ያለችው እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ፓስፖርቴ ወጥቶ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው አንድ የገበያ ቀን ከእትዬ ዘነቡ ጥቁር አዝሙድ የገዛሁት። እትዬ ዘነቡ በገበያችን በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። የድሮ ደብተርና መጽሐፍ በኬሻ ሰብስባ ከጎኗ ታኖርና ገጽ በገጽ እየገነጠለች ትጠቀልልበታለች። ቤት ገብቼ ጥቅሉን ስፈታው አንድ ጅብ አፈጠጠብኝ። ነጭ ሽርጥ አገልድሟል፤ ሚዛን ላይ ጥቅል ጎመን አስቀምጧል፤ ከአፉ በወጣችው ክብ ውስጥ “እኔንስ ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል፣ እመቤቴ!” የሚል ተጽፏል።

አዝሙዱ መሬት ላይ ተበተነ። ነጠላ ጫማዬ እየወለቀ ተመልሼ ገበያ ሮጥኩ።

“እትዬ ዘነቡ! ጅቡ! የጅቡ መጽሐፍ የታለ?”

“በስመ አብ! በጠራራ ፀሐይ ምን ጅብ አመጣሽብኝ?” ብላ አማተበች።

ኬሻውን ገለበጥኩትና አገኘሁት። የድሮ የልጆች ካርቱን መጽሔት ነው፤ አባቶቻችን ልጆች ሳሉ የታተመ ይመስላል። ወረቀቱ ወይቧል። የድሮ ማተሚያ ቀለሙን ከመስመሩ እያሳለፈ ስላተመው የጅቡ ቀይ ምላስ ከአፉ ወጥቶ ጆሮው ላይ አርፏል። የፊት ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ቅመም ተጠቅልሎባቸው ሄደዋል፤ የቀረው ግን ደህና ነው። እትዬ ዘነቡ መጀመሪያ አልሰጥም አለች።

“እሱን ወስደሽ እኔ በምን ልጠቅልል?”

“ያለፈውን ዓመት የፈተና ወረቀት በቁልል አመጣልሻለሁ።”

“ንጹሕ ነው?”

“ተማሪዎቹ ብዙም አልጻፉበትም” አልኳት፤ እውነቴንም ነበር። በዚህ ተስማማን።

ታሪኩ የእንስሳት ከተማ ታሪክ ነው። ከተማዋ ውስጥ ገበየሁ የሚባል ግመል አለ፤ ከረባት ያሰረ ትራፊክ ፖሊስ ነው። ዘገየ የሚባለው ጅብ ሥጋ ቤት ከፍቶ ራሱ ጎመን ብቻ ይበላል። አንዲት ደላላ ጦጣ አለች። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደግሞ መነጽር ያደረጉ አህያ ናቸው፤ ወይዘሮ በላይነሽ ይባላሉ። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ደወል ይሰረቃል። ከተማው በሙሉ ሌባውን ፍለጋ ትምህርት ቤቱን ይወረዋል። ገበየሁ አንገቱን በየመስኮቱ እያስገባ ይመረምራል።

በቀን አንድ ቅጠል ብቻ አነብላቸው ጀመር። በመጀመሪያው ቀን የመጡት ጥቂት ነበሩ። በማግስቱ እነሱ ሌሎች ይዘው መጡ። ከዚያ መስኮቱ በጭንቅላት ተሞላ። ሽንኩርት አረማ የገቡት ሁሉ እጃቸው ጭቃ እንደሆነ እየሮጡ ይመጣሉ። “ጅቡ ነው የሰረቀው” የሚሉና “ጦጣዋ ናት” የሚሉ ተብለው በሁለት ተከፍለው በእረፍት ሰዓት ይደባደባሉ። ከሁሉ የባሰችው ፋጡማ ነበረች። ምላሷ ስለት ነው፤ ማንበብ ግን ገና በጣቷ እየጠቆመች ነው።

“ቲቸር፣ ቀድመሽ እንዳታዪ! ወላሂ በዪ!” አለችኝ።

ማልኩላት። አላመነችኝም፤ መጽሔቱን ቁም ሣጥን አስቆልፋ ቁልፉን ራሷ ወሰደችው። ሻይ እስኪበርድ የማልታገሠውን እኔን ማታ ማታ እንዴት እንዳሰቃየችኝ አላህ ይወቀው።

አርብ ከሰዓት መጨረሻው ላይ ደረስን። ገበየሁ በዱካ ዱካ ሄዶ አንድ የተዘጋ በር አገኘ። በሩን በጉልበቱ ገፋው። በገጹ ግርጌ ዓይኑ ፈጦ፣ ላቡ በዙሪያው እየተፈናጠረ፣ ከረባቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ “ኧረ ጉድ! ሌባው ለካ…” ይላል።

ገለጥኩ።

የሳሙና ማስታወቂያ ነው። የመጽሔቱ የኋላ ሽፋን። አንዲት ሴት ነጭ ጨርቅ አንጥፋ ትስቃለች።

“ሳሙናው ነው ሌባው?” አለ አንዱ።

የመጨረሻው ቅጠል ተገንጥሏል። እንደ ምንም ፈገግ ብዬ “ሌባዋ… ጦጣዋ ናት” አልኩ።

“ሥዕሉን አሳዪና!” አለች ፋጡማ።

“ሥዕሉ… ጠፍቷል።”

“እንግዲያው ከራስሽ ነው ያመጣሽው!”

በጩኸት ተነሡ። የሚያለቅስ አለ፣ ዴስክ የሚደበድብ አለ። ለካ ጋሽ ደሳለኝ ከበሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ልጆቹ በአጠገባቸው እየተጋፉ ወጡ። ፋጡማ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና “ከሰኞ ጀምሮ ከእናቴ ጋር ቲማቲም ለቀማ ነኝ” ብላኝ ሄደች። ከዚህ ሁሉ የእሷ አባባል ነው የጎዳኝ።

“መጽሐፉም አለቀ፣ ልጆቹም ሄዱ” አሉ ጋሽ ደሳለኝ፣ ረጋ ብለው። “ሰኞ ጠዋት ወንበሮቹን አስገባለሁ፣ ሰዓዳ። አይክፋሽ።”

ቅዳሜ ማለዳ እትዬ ዘነቡ ዕቃዋን ሳትዘረጋ አጠገቧ ቆምኩ።

“የመጨረሻው ቅጠል? እሱንማ ቀደም ብሎ ሐመዱ ወሰደው” አለች ቀለል አድርጋ።

“የትኛው ሐመዱ?”

“ጨው ነጋዴው ነዋ! በርበሬ ገዛኝና ‘መርቂልኝ’ አለኝ። ጥቂት ልጨምርለት እጄን ስዘረጋ ‘በርበሬውን ተይው፣ ያን ግመል ስጪኝ’ አለ። ምን ቸገረኝ? ገንጥዬ መረቅሁለት።”

እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በእኛ አገር ገበያ ገዝታችሁ ስትጨርሱ ከላይ ምራቂ ካልተጨመረላችሁ የገዛችሁ አይመስላችሁም። የእኔ ታሪክ መጨረሻ ለካ ለበርበሬ ምራቂ ሆኖ ሄዷል።

“አሁን የት አገኘዋለሁ?”

“ዛሬ ጎህ ሲቀድ ጨውን አራግፎ በዋጃ በኩል ወጣ። ፍጠኚ! አንዴ ቆላ ከወረደ መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቀው።”

“ዋጃ! ዋጃ አላማጣ!” እያለ የሚጮኸው ሚኒባስ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። መኪናው ቶሎ እንዲሞላ እኔም አብሬ ተጣራሁ። መንገድ ላይ በሚያልፈን ግመል ሁሉ ላይ ዓይኔን ስተክል ረዳቱ “እህቴ፣ ግመል ልትገዢ ነው?” ብሎ አሾፈብኝ። ኬላው ላይ ቆምንና ፈታሹ መታወቂያችንን ሰበሰበ። ወረድ ብዬ ጠየቅሁት።

“ወንድሜ፣ ሐመዱ የሚባል ጨው ነጋዴ ግመሎች እየነዳ አላለፈም?”

ፈታሹ ከት ብሎ ሳቀ። “ባለ መታወቂያውን ግመል ነው የምትፈልጊው?”

“ምን አልከኝ?”

“መታወቂያ ስንለው የራሱን ይሰጠንና ‘የጓደኛዬንም እዩለት’ ይላል። ግመሉ አንገት ላይ ፎቶ ያለበት ነገር አንጠልጥሎለታል፤ ከረባት ምናምን ያሰረ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታን ውለን እሱ ሲመጣ ነው የምንስቀው። አሁን ነው ያለፈው፣ ከዋጃ መለስ ብሎ ደረቁ ወንዝ ላይ ያሳርፋል።”

ሚኒባሱን ወንዙ ጋ አስቁሜ በአሸዋው ላይ እየሮጥኩ ወረድኩ።

ከግራሮቹ ሥር ግመሎች ተንበርክከው ያመሰኳሉ። ሦስት ሰዎች ጥላው ውስጥ ጋደም ብለዋል። ትልቁ ግመል አንገት ላይ፣ ጠርዙ በቆዳ በተሰፋ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ገበየሁ ገጹን ሞልቶ ብቻውን ቆሟል። የእኔው ገበየሁ! ከረባቱን ሳየው “ወይኔ!” ብዬ ጮህኩ፤ ግመሉ ደንግጦ ተነሣ።

“አሰላሙ ዐለይኩም” አልኩ ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

“ወዐለይኩመሰላም። አብሽሪ ልጄ፣ ማን አሳደደሽ?” አለ ረጅሙ ሰውዬ። ሐመዱ እሱ ነበር። “ውኃ ስጧት።”

ውኃውን ሳልጠጣ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሰኞ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ለፈለፍኩት። እስክጨርስ ሰማኝና ራሱን ነቀነቀ።

“አይሆንም።”

“አያ ሐመዱ፣ እባክህ!”

“ይሄ የግመሌ መታወቂያ ነው። ይሄን ሰጥቼሽ ኬላ ላይ ምን ልበል? ግመሌን ሕገ ወጥ ልታደርጊብኝ ነው?” ጓደኞቹ ሳቁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። “የምሬን ነው። ይሄን ካንጠለጠልኩ ወዲህ ፈታሾቹ እየሳቁ ያሳልፉኛል። ድሮ ግማሽ ቀን ያቆሙኝ ነበር።”

“እሺ ከኋላው ያለውን ብቻ ልየው። አንዴ!”

“ከኋላው በቆዳ ተሰፍቷል። ይታይ ቢባል መቀደድ አለበት።” ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። “ለመሆኑ ይሄ ግመል ማነው? ይሄን ያህል ጊዜ ሳሳየው ስሙን እንኳ አላውቀውም።”

አሸዋው ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ልጆቹን እንደማስቀው እነሱንም ላስቃቸው ተነሣሁ፤ እንደ ጅቡ አጎንብሼ ጎመን መዘንኩ፣ እንደ ጦጣዋ ተለሳልሼ ደለልኩ፣ አንገቴን አስግጌ በየመስኮቱ መረመርኩ። ጋደም ያሉት ተነሥተው ተቀመጡ። በሩ ጋ ስደርስ፣ “ኧረ ጉድ! ሌባው ለካ…” አልኩና አቆምኩ።

“እ?” አለ ሐመዱ።

“ከዚህ በኋላ ያለው ከግመልህ አንገት ላይ ነው።”

“ጅቡ ነው!” አለ አንደኛው ጓደኛው።

“ምን ብሎ ደወል ይሰርቃል? አይበላው!” አለ ሁለተኛው። “ደላላዋ ናት፤ ደላላ የማይሸጠው የለም።”

“ጎመን እበላለሁ የሚል ጅብ አምነህ ታድራለህ?”

“ደላላስ ታምናለህ?”

ሁለት ጎልማሶች እንደ ፋጡማና ጓደኞቿ ሊደባደቡ ደረሱ። ሐመዱ አንዴ እነሱን፣ አንዴ ግመሉን ያያል። ጺሙን አሻሸ። ተነሣ፣ ተቀመጠ። በመጨረሻ “አቦ ተዉኝ!” ብሎ ከወገቡ ጊሌውን፣ ያን ቆልማማ ጩቤ፣ መዘዘና ግመሉን አንበርክኮ ስፌቱን ቆረጠው።

አራታችንም ጭንቅላታችንን ገጠምን። ቅጠሉ ተገለበጠ።

ከበሩ ኋላ፣ ደወሉን እንደ ሕፃን አቅፈው የተቀመጡት ወይዘሮ በላይነሽ ነበሩ፤ አህያዋ፣ ዳይሬክተሯ! መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ወርዷል። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። “ምን ላድርግ፣ ገበየሁ? ተማሪ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። ደወሉን ብደብቀው ግን ይኸው አገሩ በሙሉ ትምህርት ቤት ገባ!” በመጨረሻው ሥዕል ላይ ጅቡም ጦጣዋም ዴስክ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ጅቡ ጎመኑን ጭኑ ላይ ይዟል፤ ገበየሁ ደወሉን እየደወለ ነው።

ሳቁ ወንዙን ሞላው። ሐመዱ ዕንባውን እየጠረገ ወደ እኔ ዞረ።

“አንቺም አስተማሪ ነኝ አላልሽኝም?”

እኔ ግን ወደ ሥዕሉ ተመለስኩ። ይሄን የሣለው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ስሙ ያለበት ሽፋን ቅመም ተጠቅልሎበት ሄዷል። ነገር ግን እኔ ሳልወለድ ባዶ ዴስክ አይቶ ልቡ የተቃጠለ ሰው እንደነበር አወቅሁ። ብቻዬን የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አልነበርኩም። እዚያው አሸዋ ላይ በደስታ አለቀስኩ።

ቅጠሉን ግን አልሰጠኝም። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ላነሣው ስል እጁን ጋረደበት።

“ልጆቹ የፎቶ ፎቶ ምን ያደርግላቸዋል? ግመሉን ራሱን ያያሉ። ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።”

“ትመጣለህ? እውነት?”

“ስሙን ካወቅሁ በኋላ እንዴት እቀራለሁ?” አለና ግመሉን አንገቱን መታ መታ አደረገው። “አይደል፣ ገበየሁ?”

እሁድን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግራችሁም። ሰኞ ጠዋት የተሰበሩት ወንበሮች ንባብ ቤቴ በር ላይ ተቆልለው ጠበቁኝ። ጋሽ ደሳለኝ ቁልፉን በእጃቸው ያንቀጫቅጫሉ። ሐመዱ የለም። የጠዋቱ ደወል ተደወለ፤ ሐመዱ የለም። ፋጡማም የለችም።

“እስኪ ትንሽ እንታገሥ” እላለሁ።

“ምኑን?” ይላሉ እሳቸው።

ይሄኔ ከግቢው በር ጩኸት ተሰማ።

“ግመል አይገባም!” ይላል ዘበኛው።

“መታወቂያ አለው!” ይላል የማውቀው ድምፅ።

ተማሪው በመስኮትም በበርም ፈሰሰ። ሐመዱ አዲስ ሽርጥ አገልድሞ፣ ግመሉን ስቦ፣ እንደ ሚኒስትር ቀጥ ብሎ ገባ። ከኋላው የቆቦ ሕፃን ሁሉ ይከተለዋል። ከፊት ከፊት የምትሮጠው ፋጡማ ናት፤ የቲማቲም ቅርጫቷን ራሷ ላይ ደፍታዋለች። ግመሉ በሰፈራቸው ሲያልፍ አንገቱ ላይ ያለውን አይታ “ገበየሁ!” እያለች ስትከተል የመጣች ናት።

ግመሉን አንበረከኩት። ሐመዱ ቆዳውን ገልጦ ቅጠሉን ለፋጡማ አሳያት። ልጅቱ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች፣ ላቧ እየወረደ፣ ያንን ሁሉ ጽሑፍ ራሷ አነበበችው። ማንም አላገዛትም። “አገሩ በሙሉ ትምህርት ቤት ገባ!” ብላ ስትጨርስ ግቢው በጩኸት ተናወጠ። ጅቡን የጠረጠሩትም ጦጣዋን የጠረጠሩትም ተሸንፈው እየተሳሳቁ ይገፋፋሉ።

ጋሽ ደሳለኝ ተራቸውን ጠብቀው ጎንበስ ብለው አዩት። አህያዋን አዩ። ግቢውን የሞላውን ልጅ አዩ። ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እኔን አዩኝ።

“ሰዓዳ፣ ይሄን ቅጠል አንቺ ነሽ እንዴ የደበቅሽው?”

“ኧረ ጋሼ! በአላህ!”

“ወላሂ እኔ ነኝ” አለ ሐመዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። “ለበርበሬ ምራቂ የወሰድኩት።”

ጋሽ ደሳለኝ ስቀው አያውቁም ነበር። ያን ቀን ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። ከዚያ ለሠራተኞቹ “ወንበሮቹን አስገቡ” አሉ። ልከራከር አፌን ስከፍት ቀጠሉ። “ደርድሯቸው እንጂ አትከምሯቸው። እግር የሌላቸውን አናጢ ይጠግናቸው፤ ልጆቹ ምን ላይ ሊቀመጡ ነው?”

ጅዳ አልሄድኩም። ያ ቀን የተሻለች አስተማሪ አደረገኝ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ነገር ግን ልጆቹ የሸሹት ማንበብን እንዳልሆነ ገባኝ። የሸሹት አስቀድሞ ያለቀ ነገርን ነው። ስለዚህ ዛሬ ንባብ ቤት ውስጥ ልጆቹ ራሳቸው የገበየሁን ቀጣይ ታሪክ በሲሚንቶ ወረቀት ላይ ይሥላሉ። የፋጡማ ጅብ ጎመን ሰልችቶት ዋጃ ላይ ቲማቲም ነግዷል። እትዬ ዘነቡ ሥዕል ያለበት ገጽ ካገኘች ሳትጠቀልልበት ለይታ ታስቀምጥልኛለች። እናንተም ቤታችሁ የልጅነታችሁ ካርቱን ካለ፣ ቀለሙ የፈሰሰ፣ ሽፋኑ የወለቀ፣ ለቅመም ሻጭ ከመስጠታችሁ በፊት አንዴ ግለጡት። ምን ዓይነት ግመል እንደሚወጣ አታውቁም።

አንድ መጥፎ አመል ግን ተምሬያለሁ። አርብ አርብ ታሪኩን በሩ ላይ አድርሼ አቆመዋለሁ፤ የመጨረሻዋን ቅጠል ቤቴ ይዣት እሄዳለሁ። ልጆቹ ይሰድቡኛል፣ ሰኞ ግን ማንም አይቀርም።

ያለፈው አርብ ግቢው ባዶ ከሆነ በኋላ በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። ጋሽ ደሳለኝ ናቸው። ግራ ቀኝ ገላመጡና ገቡ።

“ሰዓዳ፣ ለእኔ እንኳ በጆሮዬ… ማን ነው?”

“ሰኞ ይምጡ ጋሼ” አልኳቸው። “ፊት ወንበር ላይ ቦታ እይዝልዎታለሁ።”